ዳማ ሰኞ ሰኞ ትታመማለች

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት ለፍርድ ቤት ሥራ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ የሰው ክስ ስገለብጥ ኖሬያለሁ፤ እስቲ ደግሞ የራሴን ልጻፍ። ተከሳሽ፦ ወልደኢየሱስ ሐብተ ማርያም፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የጎንደር ነዋሪ። ጥፋቱ፦ የአባቱን መሬት አለማረስ።

ከሳሼ የአጎቴ ልጅ አያ አድማሴ ነው። ትክል ድንጋይ ላይ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ «ወልደኢየሱስ ከተማ ተቀምጦ ወረቀት ያርሳል፤ መሬቱ ለእኔ ይገባል» ብሏል። ሽማግሎቹም መክረው ቆረጡ። ከሰኔ መባቻ ጀምሮ በየሰኞው በአካል እየተገኘሁ ላሳርስ፤ ጤፉን ከሐምሌ ገብርኤል በፊት በገዛ እጄ ልዝራ። አለዚያ መሬቱ የአያ አድማሴ ነው። አባቴ መሪጌታ ሐብተ ማርያም የተቀበሩት ከዚያ ማሳ ራስጌ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። መሬቱ ከሄደ በምን ምክንያት እየሄድሁ መቃብራቸውን አያለሁ?

ዳኛው ሰኞን ለቀቁልኝ። እግሬ ግን አልለቀቀልኝም፤ መንገዱ በእግር ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ በቅሏችንም ጥር ላይ ሞታለች። ስለዚህ ሞተር ቢስክሌት ልገዛ ነው። ለእናቴ ስነግራት መቁጠሪያዋን አቆመች።

«አባትህ ከበቅሎ ወድቆ ነው የሞተው። በቅሎ እንኳ ዓይን አላት» አለች።

ባለቤቴ ይመኙሽ ግን ሳቀች። እኔን በሞተር ላይ አስባኝ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

አዘዞ ወርጄ ሦስት ሞተር አየሁ። ነጋዴው ከያለበት ሰብስቦ ደርድሯቸዋል። አንደኛዋ ቀይ ናት፤ ትልቅ፣ ስትነሳ መሬቱን የምታንቀጠቅጥ። ሁለተኛዋ በጎኗ ሰው የሚቀመጥበት ጋሪ አላት። ሦስተኛዋ ቀጭን፣ ትንሽ፣ ቀለሟ ዳማ፣ ድምፅዋ ጉንፋን የያዘው ዲያቆን።

አማካሪ አድርጌ የወሰድሁት አያ ሀዳነን ነው። ሀዳነ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የቤተ እስራኤል መንደር ማረሻ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ገብቶ ሞተር ፈትቶ መግጠም ለምዷል። የአባቴን ማረሻ ይሠራ የነበረውም እሱ ነው።

እኔ መቼም በቅሎ መምረጥ አላጣም። የሦስቱንም ቁመት ለካሁ፣ ወደ ኋላቸው ዞሬ አየሁ፣ ሸሆና እንደሚያይ ሰው ጎንበስ ብዬ ጎማቸውን ነካካሁ። ልቤ ከቀይዋ ላይ ቀረ። የተከበረ ሰው የሚቀመጥባት ናት። ሀዳነ ሲያየኝ ቆየና ሦስቱንም ተራ በተራ መሬት ላይ አጋደማቸው። ነጋዴው ሊያለቅስ ደረሰ።

«በል ብቻህን አንሳቸው» አለኝ።

ቀይዋን ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ። ባለ ጋሪዋ ንቅንቅም አላለች። ዳማዋ ተነሳችልኝ።

«ጭቃ ላይ መውደቅህ አይቀርም። የምታነሳትን ግዛ» አለ።

ዳማዋን ገዛሁ። እሱን ላለማስቀየም ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ከቢሮ መልስ ሀዳነ መንዳት ሊያስተምረኝ ሜዳ ወሰደኝ። እሷ ነዳችኝ ማለት ይሻላል። ለማቆም ብዬ እጀታውን ወደ ደረቴ ሳብሁ፤ ሃያ ዓመት በቅሎ ያቆምሁት እንዲሁ ነው። ለካ የቀኙ እጀታ በሳቡት ቁጥር የምትሮጥበት ኖሯል። «ቆይ፣ ቆይ» እያልኋት የሰው ጎመን ውስጥ ገባሁ።

ሀዳነ ቀስ ብሎ መጣ። «ጆሮ የላትም። ፍሬኑ እግርህ ሥር ነው» አለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ዳግመኛ ጎመን። ያው ጎመን። ባለቤትየዋ ከእንግዲህ ስመጣ ቀድሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ቀንጥሰው ሊጨርሱት ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 1

ደረስሁ! በሦስት ሰዓት ደረስሁ። በሬዎቹ ሞተሯን አይተው ደነበሩ፣ ሽማግሎቹም ደነበሩ፣ አያ አድማሴ ግን ለመደንበር ኮራ። ቀኑን ሙሉ ከአራሹ ጋር ቆሜ አሳረስሁ፤ ሁለት ትልም እኔ ራሴ ይዤ ጠማማ አወጣሁ። ማታ ቤቴ ገባሁ። ሸጋ ቀን ነበር።

አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ። እራት ላይ በደስታ አፌ ተከፍቶ፣ አባቴ የወደቁበት ቁልቁለት ላይ ዳማ አንሸራታኝ ለጥቂት እንደተረፍሁ ለእናቴ አወራሁላት። እንደ ጀብዱ ነበር የተናገርሁት። እናቴ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው።

እሑድ፣ ሰኔ 7

እናቴ ከቅዳሴ መልስ ጸበል በጠርሙስ ይዛ መጣች። ዳማን ከጣራው ሥር ቆማ ስትባርካት በመስኮት አየኋት። ከመነኮሰች ወዲህ የማትባርከው ነገር የለም። በመጨረሻ የቤንዚኑን ክዳን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ለንጽሕና የምትጠነቀቅ ሴት ናት።

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ዳማ ከሀዳነ መንደር አልፋ ዳገቱ ግማሽ ላይ ሁለት ጊዜ አስላ ቀጥ አለች። ብረግጣት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች። ገፍቼ ወደ ሀዳነ መለስኋት። ካርቡራቶሯን ፈታ፣ አጠበ፣ ነፋ፤ ተነሳች። ማሳው ስደርስ በሬዎቹ ተፈትተው ሳር ይግጣሉ። ሽማግሎቹ ፀሐይዋን አዩ፣ እኔን አዩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

ከማክሰኞ እስከ ዛሬ በየቀኑ ቢሮ ነዳኋት። እንደ ምንጭ ነው የምትወርደው። ሕመሟ በዚያው አለፈ።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

አላለፈም። ያው ዳገት፣ ያው ሳል።

ሀዳነ ሲፈታት፣ ማታ ማታ የት እንደምታድር ጠየቀኝ። ከጣራው ሥር አልሁት። ክዳኗን የሚከፍት ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም አልሁት።

«እሑድስ?»

«እሑድ ማን ይነካታል? እናቴ ጸበል ትረጫት እንደሆነ ነው እንጂ።»

ሀዳነ አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ እጅ ያን ያህል ሲጠረግ አላየሁም። ማሳው ሳልደርስ ተመለስሁ፤ አንድ ሰኞ ሙሉውን ቀረ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ይመኙሽ ጫማዬን ከጭቃ እያጸዳች፣ «ሰኞን ከምትጠይቅ እሑድን ብትጠይቅ» አለችኝ። ምን ማለቷ ነው ብላት፣ እሷ ምራት እንጂ ዳኛ እንዳልሆነች ነግራኝ ወጣች። ነገረኛ ሆናለች። ለካ ጾም ትናንት ስለገባ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 22

ዳገት። ሳል። ሀዳነ። ዝናብ። አልደረስሁም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 24

ከትክል ድንጋይ መልእክት፦ ሽማግሎቹ ሁለት ሰኞ ቆጥረውብኛል። አያ አድማሴ ዘሩን አዘጋጅቷል አሉ፤ የራሱን ዘር፣ ለእኔ ማሳ።

ቢሮ ውስጥ በላቸው የሚባል መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው አለ። ሲያዩት ፋይል ያገላብጣል፤ ሥራው ግን ወሬ ነው። ዛሬ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ፣ ዳማ የምትቆመው ማን መንደር ካለፍሁ በኋላ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት። በላቸው ቅንድቡን አነሳና ዝም አለ። እንዲህ ያለው ዝምታ ከነገር ይብሳል። «የባለ እጅ ዓይን ብረትም አይምርም ይላሉ» አለ በመጨረሻ፣ እሱ እንዳላለ ሆኖ።

ሳቅሁበት። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ዘመናዊ ትምህርትም ቀምሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። እራት ላይ ለቤተሰቡ የነገርኋቸው ለጨዋታ ያህል ነው። ይመኙሽ ፊቷን አጠቆረች። እናቴ ግን በጥሞና ሰማችኝና፣ የዓይን ነገር ከሆነ ጥቂት ጸበል እንደማይበቃ ተናገረች።

እሑድ፣ ሰኔ 28

እናቴ ዛሬ የመጣችው ሁለት ጠርሙስ ይዛ ነው። አላየኋትም፤ ፊቴን እየታጠብሁ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 29

በሀዳነ ደጅ ሳልፍ ጋቢዬን አውልቄ ዳማን ከላይ እስከ ታች አለበስኋት፣ ወርጄም እየገፋሁ አለፍሁ። ዝናብ ይመጣል ብዬ ነው።

ሀዳነ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቀና አለና አየን። እጁን ለሰላምታ አንስቶ መንገድ ላይ አስቀረው።

ዳማ ዳገቱ ላይ ሞተች። በሀዳነ በኩል መመለስ ስላልፈለግሁ በጓሮ በኩል፣ በእሾህ መንገድ፣ እስከ ከተማ ገፋኋት። ሱሪዬ ተቀደደ። ዝናብ የሚባል አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

ሌላ መካኒክ አየልኝ። ጎማውን ረገጠ፣ ካንዴላውን አወለቀ፣ መልሶ ከተተ፣ ምንም አልጎደለባትም አለኝ። ምንም ያልጎደለባት ከሆነ ምነው አትነሳም?

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

በእግሬ ሄድሁ። የሐዋርያት ፍስክ ትናንት ነበር፣ ሆዴ ከባድ፣ ጭቃው ከባድ። ሲመሽ ደረስሁ። ሽማግሎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠብቀውኛል። የመጨረሻውን ተናገሩ፤ ሰኞ ሐምሌ 13 ጠዋት ማሳው ላይ ቆሜ ካልዘራሁ፣ ከቀትር በኋላ አያ አድማሴ ይዘራል። አያ አድማሴ እንኳ አልሳቀም። በጎረቤት ቤት አደርሁ፤ ወደ አባቴ መቃብር ለመሄድ አፈርሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ማክሰኞ ዕለት ስመለስ እግሬ ቆስሏል። ሰኞን በእግሬ አልደርስም። ሞተር የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር አንድ ነው፤ እሱንም ጋቢ አልብሼ አልፌዋለሁ።

ዳማን ገፍቼ ሄድሁ። መንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሥራ በዛብኝ፣ አሞኝ ነበር። ሀዳነ ሲያየኝ ሰበቤን አልጠበቀም። አንድ ብርሌ አውጥቶ ከዳማ ሆድ ቤንዚን ቀዳበትና ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ሁለታችንም ቁጭ ብለን አየን። ውስጡ ያለው ለሁለት ተከፈለ። ላዩ ቤንዚን ነው። ታቹ፣ ከብርሌው ግማሽ በላይ፣ ጥርት ያለ ውኃ።

«ዝናብ ነው» አለኝ ሀዳነ።

ብርሌውን አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርሁት።

«ዝናብ ገብቶባት ይሆናል። አንተ እንደሁ ዝናብ ትፈራላታለህ፤ ባለፈው ጋቢ ስታለብሳት አይቻለሁ።»

የምለውን ሁሉ ረሳሁት። «አያ ሀዳነ፣ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል፣ እኔን ለማንሳት ጊዜ እንደሌለውና ይልቅ ዳማን እንድይዝለት ነገረኝ። የውኃውን ምንጭ ከሁለተኛው ሰኞ ጀምሮ እንደሚያውቅ ገባኝ። ታዲያ ምነው አልነገርኸኝም ብለው፣ መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ።

«የእማሆይ ጸበል ሞተር ገደለ ልበል? እኔ ልበለው? ስንት ቀን በዚህ መንደር የምታድር መስሎሃል ጎጆዬ?»

ይህን እዚህ ስጽፈው ያመኛል። እኔ ራሴስ አላውቅም ነበር? እናቴ ክዳኑን ስትወለውል አይቻለሁ። ይመኙሽ ነግራኛለች። ሁለት ጠርሙስ ባመጣች ቀን ሆን ብዬ ፊቴን ታጥቤያለሁ። እናቴን ከምጠይቅ ሀዳነን መጠርጠር ቀለለኝ። ፍርዱ ይኸው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ለእናቴ ግን እንዴት ልንገራት? አባቴን የቀበረች ሴት ናት፤ ልጇን በጸበል ልታድን ስትሞክር ሊያጠፋው የነበረው ጸበሏ ነው ልበላት? ለእናቴ ይህን መንገር እንደማልችል ለሀዳነ ነገርሁት። ሀዳነ ጺሙን እያሻሸ ቆየ። ከዚያ፣ ቅዳሜ ሰንበቱ ስለሆነ፣ ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድመጣ ነገረኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ዳማ ሁለት አፍ አወጣች።

ሀዳነ ከነሐስ ትንሽ ሙዳይ የምታህል ዕቃ ሠርቶ፣ ከመሪው ሥር፣ ከፊት አስሯታል። ክዳን አላት፣ ክዳኗ ላይም ማጌጫ ቀርጾባታል። ከእውነተኛው አፍ ይልቅ እሷ ታምራለች። ከታቿ ቀጭን ቀዳዳ አላት፤ በሰም ደፍኗታል። የቤንዚኑን ክዳን ደግሞ ካለ መፍቻ እንዳይከፈት አጥብቆታል። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ሰሟን እንዳነሳት አዘዘኝ።

ሰኞ አብሮኝ እንዲመጣ ለመንሁት። «ከአንተ ኋላ ተለጥፌ ውዬ ወንዝ ወርጄ ሳልታጠብ ቤቴ አልገባም፤ ሕጋችን ነው» አለ። «ከእናንተም ወገን እኔን ነክቶ ዝም ብሎ የሚያድር የለም። እንግዲህ ውኃ ለሁላችን ነው።» ሳቀ። እመጣለሁ ማለቱ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

እናቴ ከሚካኤል ሦስት ጠርሙስ ይዛ መጣች። ዛሬ ፊቴን አልታጠብሁም። እጇን ይዤ ወደ ዳማ ወሰድኋት።

«እማዬ፣ የጸበል አፏ ይኸኛው ነው» አልኋት።

አሮጌውን ክዳን አየች፣ አዲሱን አየች። በጣቷ ማጌጫውን ዳሰሰችው። በሽተኛ ጸበል ሲጠጣ እንጂ ሲረጭበት ብቻ እንደማይድን፣ ውስጧን ካልነካት ብላ በትልቁ አፍ ታጠጣት እንደነበር ያኔ ነገረችኝ። ደብቃኝ አልነበረም። ጠይቄያት አላውቅም።

«ይችን ማን ሠራት?» አለች።

«አያ ሀዳነ።»

እናቴ ማጌጫውን ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍታ ሙዳይዋን እስከ አፏ ሞላቻት። ክዳኗን በነጠላዋ ወለወለችው።

«እጁን ይባርከው» አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ግን እኔ ሰምቻለሁ፣ ይመኙሽም ከበሩ ላይ ሆና ሰምታለች፤ ሁለት ምስክር ይበቃል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

እጄ ጭቃ ነው፤ ቀለሙ ቢበላሽ ይበላሽ።

ጎሕ ሲቀድ ሰሙን አነሳሁ። ሀዳነን ከደጁ ጫንሁት። ዳማ ዳገቱን ወጣች፣ አላሳለችም። አባቴ ከወደቁበት ቁልቁለት ስንደርስ ሀዳነ ትከሻዬን መታ አድርጎ አስቆመኝ። ወርዶ ጎንበስ አለና ከሙዳይዋ ሥር አየ።

«ጸበሏ ገና አላለቀም» አለ።

ጸበሉ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከቤቴ ደጅ ጀምሮ መንገዱን ሁሉ እየረጨች መጥታለች።

«እዚህ እስኪደርስ እንዳያልቅባት ቀዳዳዋን በመርፌ ነው የበሳኋት» አለኝ። «መሪጌታን እኔም አውቃቸው ነበር።»

እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ሀዳነ ጎማውን የሚያይ መስሎ ዞረልኝ። ከዚያ ተነሳን።

ማሳው ስንደርስ ከብቶቹ መሬቱን ለጤፍ ዘር ረግጠው ጨርሰዋል። ሽማግሎቹ ቆመዋል። ዘሩን አንስቼ በተንሁት፤ አንዱ ቦታ ጎፈረ፣ አንዱ ቦታ መላጣ ሆነ። አያ አድማሴ እስከ ሦስተኛው ዙር ታገሠ፣ ከዚያ አልቻለም። ገብቶ አንጓዬን ይዞ አወዛወዘኝ፤ ጣቴን እንዴት እንደምከፍት አሳየኝ። ጨርሼ ስወጣ ሽማግሎቹ እሱን ጠየቁት። «ወረቀት ላይ ይሻለዋል። ግን ዘርቷል» አለ። መሬቱ የአባቴ ሆኖ ቀረ።

መቃብራቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ሀዳነ ከዳማ ጋር ከቅጥሩ ውጭ ጠበቀኝ።

ስንመለስ መንገዱ ግማሽ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ነው። ዳማን አቁሜ ጋቢዬን አወለቅሁ። ሀዳነ ሞተሯን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ። ትከሻው ላይ ጣል አድርጌለት አንገቱ ሥር አሰርሁለት። ዳማ ራቁቷን ረጠበች፣ አልታመመችም።

ከመንደሩ በታች ወንዙ ዳር አወረድሁት። ጋቢውን አጣጥፎ መለሰልኝ።

ቤት ስገባ ይመኙሽ ጋቢውን ተቀብላ አሸተተችው። የከሰልና የብረት ሽታ ይዟል። ነገ ልጠበው አለች።

ተይው አልኋት።